ሃያኛው ሰው

ወንድሜን ሊንዚን ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት አላናገርኩትም። ሌላ አገር ሄዶብኝ አይደለም። ከሽመና ማሽኔ እስከ እሱ መሥሪያ ጠረጴዛ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። በየቀኑ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ አንድ ጣሪያ ሥር አንድ አቧራ ስንተነፍስ ነው የኖርነው። ዝም ያልኩት ስላስቀየመኝ ብቻም አይደለም። ድምፅ ተሰጥቶበት ስለነበር ነው።

ይህን ስናገር ወጣቶቹ ይስቁብኛል። የልጄ ልጅ በቀደም ዕለት፣ «አያቴ፣ ማን ነው ድምፅ የሰጠው? ፓርላማው ነው?» አለችኝ። ፓርላማ ምን ያደርግልኛል! ድምፁን የሰጠው የብርድ ልብስ ሠራተኞች ማኅበር፣ የእኛው ከተማ ቅርንጫፍ ነው። ለኔ ከፓርላማ ይበልጥ ነበር። ሊቀ መንበሯ እኔ ነበርኩ።

መጀመሪያ ስለ ሽመና ክፍሉ ልንገራችሁ፤ አለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። በደህናው ዘመን ስድሳ ማሽን ባንድ ጊዜ ሲወቃ ሰው የራሱን ጩኸት እንኳ አይሰማም። ስለዚህ ሸማኔ ሁሉ በከንፈር ነው የሚያወራው። ድምፅ ሳያወጣ ከንፈሩን እየለጠጠ ያወራል፤ ማዶ ያለችው ታነባለች። ማን ከማን ጋር እንደታየ፣ የማን ባል እንደሰከረ፣ ሐሜቱ ሁሉ ከዳር እስከ ዳር በከንፈር ይዞራል። እኛ ዘንድ ሰውን አለማናገር ማለት አፍን መዝጋት አይደለም፤ ፊትን ማዞር ነው። ሊንዚ ወደኔ ሲመጣ ፊቴን ወደ ድሩ አዞራለሁ። እሱም ቀስ በቀስ ዓይኑን ጥሎ መሄድ ለመደ።

ማሽን ሲበላሽ ግን መካኒኩ መጠራቱ አይቀርም፤ ሊንዚ ደግሞ መካኒክ ነው። በየማሽኑ አጠገብ ምሰሶው ላይ ጥቁር ቆርቆሮ ተመትቷል። ሸማኔዋ የተበላሸውን በጠመኔ ትጽፋለች። መካኒኩ ጠግኖ ሲጨርስ ከሥሩ መልሱን ይጽፋል። እሷ ሥራውን አይታ ከረካች በእርጥብ ጨርቅ ትጠርገዋለች። ከእናቶቻችን ጀምሮ የነበረ ልማድ ነው። ስለ ሥራ መጻፍ በውሳኔው እንዳልተከለከለ የማኅበሩን ጸሐፊ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። እንግዲህ እኔና ወንድሜ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተባባልነው ይኸው ነው። «መወርወሪያው ወደ ግራ ይመታል።» «ተስተካክሏል።» «ድሩ ይበጠሳል።» «ሮለሩ ቆሽሾ ነው፤ ተጠርጓል።» እናታችንን በቀበርን ማግስት «ፍሬኑ ላልቷል» ብዬ ጻፍኩ። «ጠብቋል፤ ነገ ደግሜ አየዋለሁ» ብሎ መለሰ። እሱንም ጠረግሁት።

ጠቡ የመጣው ከታላቁ አድማ ነው። ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ በር ላይ ቆመናል። በክረምት፣ ቆርቆሮ በርሜል ውስጥ እንጨት እያነደድን፣ ሰው የሰጠንን ሾርባ እየጠጣን። በዘጠነኛው ሳምንት ወንዙ ሞላ። ፋብሪካው ወንዙ ዳር ነው። ሊንዚ የዝናብ ልብሱን እንደለበሰ ወደ በሩ መጣ፤ በሩ ላይ ተረኛዋ እኔ ነበርኩ።

«ኮራል፣ ውሃው ምድር ቤት ገብቷል» አለኝ። «ሞተሮቹ ጋ ሊደርስ አንድ ክንድ ነው የቀረው። ልግባና በእንጨት ላይ ላንሳቸው። ሁለት ቀን ብቻ።»

«የአድማ መስመር ልትሻገር?»

«መስመሩን ተዪው፣ ሞተሩን ነው የምልሽ! ሞተሩ ከጠፋ ብናሸንፍስ ምን ላይ ልንሠራ ነው?»

«ስብሰባ እንጥራ። ድምፅ ይሰጥበት።»

«ስብሰባ እስኪጠራ ሞተሩ ውሃ ይጠጣል፤ ምን ነካሽ አንቺ ሴት!»

«ሊንዚ፣ ያለ ድምፅ ከገባህ ወንድሜ አይደለህም።»

ዝናቡ ከባርኔጣው ጫፍ ላይ ይንጠባጠባል። በጎኔ አልፎ ገባ። አልያዝኩትም። ብይዘው ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ።

ሞተሮቹን አዳናቸው። አንድም አልጠፋም። አስተዳደሩ ታዲያ ምን አደረገ? በዳኑት ሞተሮች ስምንት ማሽን አስነሥቶ፣ የቢሮ ሰዎችን አሰልፎ፣ ሲጠበቅ የነበረውን የሆስፒታል ትዕዛዝ ሞላ። ወገባችን ተቆረጠ። በአሥረኛው ሳምንት አንገታችንን ደፍተን ገባን። አራት ሰው ግን አስተዳደሩ መልሶ አልቀጠረም፤ አንዱ ባሌ ሬጅ ነበር። ሬጅ ከዚያ በኋላ ቋሚ ሥራ አላገኘም፤ አትክልት እየኮተኮተ፣ ከሰው እየሸሸ፣ እያደር እያነሰ ሄዶ ሞተ።

በተመለስን በሳምንቱ ጉባኤ ተቀመጥን። ውሳኔው እንዲህ ይላል፤ በቃሌ አውቀዋለሁ። «ሊንዚ ፓስኮ ከአባልነት ተሰርዟል። ማንኛውም አባል አያናግረው። ይህ ውሳኔ በሌላ ጉባኤ እስኪሻር ድረስ የጸና ነው።» እጄን አወጣሁ። ከሁሉም ቀድሜ ነው ያወጣሁት።

ሬጅ በሕይወት ሳለ ውሳኔውን ልሻር ብል ቤቴ ይፈርሳል። ሬጅ ከሞተ በኋላ ደግሞ፣ ሊቀ መንበሯ ለገዛ ወንድሟ አደላች እንዳይባል ሌላ ሰው እስኪያነሳው ጠበቅሁ። ሌላው ሰው ደግሞ እኔ እስካነሳው ይጠብቃል። የሊንዚ ሚስት ቫልዳ ስትሞት ቀብሩ ላይ ከኋላ ቆሜ፣ ሳላናግረው ተመልሻለሁ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ እኔ የዋጥኩት ምላጭ ብዛት ለጸጉር አስተካካይ ቤት ይበቃል።

እንዲህ እያልን 2000 ገባ፤ ሲድኒ ለኦሊምፒክ ስትሽቀዳደም እኛ ዘንድ የመዝጊያው ወሬ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ሻይ ክፍላችን መጥቶ ወንበር ላይ ወጣ። መልካም ሰው ነው። የውጭ ብርድ ልብስ ቀረጥ እንደወረደ፣ በእኛ ዋጋ የሚገዛ እንዳልቀረ፣ የቀሩት ሃያ ማሽኖች ተነቅለው ሕንድ አገር እንደሚተከሉ ነገረን። ከአምስት ዓመት በፊት ፋብሪካው እንዳይዘጋ ብለን የሻይ ሰዓታችንን አሳጥረናል፤ ሁለት ማሽን ይዛ የነበረችው ሦስት እንድትይዝ ተስማምተናል። በስምምነቱ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። አሁን ዓይኔን የሚያይ ሰው አጣሁ።

«የብርድ ልብሱ ስም ግን አይቀየርም» አለ ሥራ አስኪያጁ እንደ ማጽናኛ። «ምልክቱም ያው የከተማችን ድልድይ ይሆናል።»

ደስሊ ከኋላ ተነሣች። ደስሊ ከኔ ቀጥሎ ያለውን ማሽን የምትይዝ፣ ምላሷ ከመቀስ የሚፈጥን ጓደኛዬ ናት። «ጌታዬ፣ ድልድዩንም ነቅላችሁ ልትወስዱት ነው ወይስ እዚሁ ትተዉልናላችሁ?» አለችው። «እንድንዘልበት ነው የምጠይቅዎት።»

ሰው ሳቀ።

ማሽኖቹን የሚረከብ መካኒክ ከሕንድ መጣ። ጉርሚት ይባላል፤ ጢሙ የሸበተ፣ ትሑት ሰው። ማኅበሩ ተሰብስቦ ማንም አባል እንዳያስተምረው ወሰነ። ያ ውሳኔ ትርጉሙ ምን እንደሆነ አሁን ሳስበው ይገርመኛል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ነው። ውሳኔውን ሄጄ የነገርኩት እኔ ነኝ።

«በእርስዎ ላይ ቂም የለንም» አልኩት። «ግን እጃችንን ቆርጠን አንሰጥዎትም።»

«ይገባኛል፣ እመቤት» አለኝ። «አባቴ የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። የእሱም ፋብሪካ ተዘግቷል። ማሽኖቹን ማን እንደወሰዳቸው ግን እስከ ዛሬ አናውቅም።»

ሻይ ልጋብዘው ዳድቶኝ ነበር፤ ውሳኔ ነውና ተውኩት። ሊንዚ ግን አባል አይደለም፤ ውሳኔው አይመለከተውም። በማግስቱ ሁለቱ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ምሳቸውን ሲበሉ አየን። ከዚያ ሥራ የጨረሱትን ማሽኖች አብረው መንቀል ጀመሩ፤ አንዱ ብሎን ይፈታል፣ ሌላው በጠመኔ ቁጥር ይጽፍበታል።

«ሁለት ጊዜ አድማ ሰባሪ!» አለ ክላይቭ ጮክ ብሎ፤ ክር ማቅለሚያ ክፍል የሚሠራው ክላይቭ ነው። «አንዴ አስገባቸው፣ አንዴ ደግሞ ጠቅልሎ ይሸኝላቸዋል።»

ሊንዚ አልዞረም። እንዳልሰማ ሆኖ ብሎኑን ይፈታል። ኩራቱ ነው ብዬ ተናደድኩ።

ያን ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዋናው መሥሪያ ቤት ከሜልበርን ደብዳቤ ጽፎልን ነበር፤ ፋብሪካው በሚዘጋበት ዓርብ የእኛም ቅርንጫፍ እንደሚፈርስ። ቅርንጫፉ ከፈረሰ ጉባኤ የለም። ጉባኤ ከሌለ ያን ውሳኔ የሚሽረው የለም። «በሌላ ጉባኤ እስኪሻር ድረስ» ያልነው ነገር እስከ ዘለዓለም ሊሆን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ደነገጥኩ። ሬጅ ሞቷል፣ ቫልዳ ሞታለች፣ ሥራው ሊያልቅ ነው፤ ወንድሜንም በወረቀት ቀብሬው ልቀር ነው።

ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በእጄ ለጠፍኩ። ደንቡ የሰባት ቀን ማስታወቂያ ይላል፤ ለመጨረሻው ማክሰኞ በትክክል ሰባት ቀን ነበር። ስድስተኛ አጀንዳ፦ የሊንዚ ፓስኮ ጉዳይ፤ ውሳኔውን ስለ መሻር። አቅራቢ፦ ሊቀ መንበሯ።

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አለችኝ ደስሊ በከንፈሯ ከማሽኗ ማዶ። «ከምጽአት በፊት ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም ነበር!»

ከሰዓት በኋላ ሊንዚ ሰሌዳው ፊት ቆሞ አየሁት። ባርኔጣውን አውልቆ ነው የሚያነበው። ሁለት ጊዜ ሳያነበው አልቀረም።

ማክሰኞ ዝናብ ነበር። የማኅበሩ አዳራሽ ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ሲዘንብ ማሽን ክፍል ያለን ይመስላል። አባላቱ ሠላሳ አራት ነን፤ ምልዓተ ጉባኤው ሃያ ነው። ደንቡን ያወጡት ሰዎች በጊዜያቸው አራት መቶ አባል ስለነበራቸው፣ ሃያ ሰው ይጠፋል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ጸሐፊያችን መርቭ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ በእርሳሱ ጫፍ ቆጠረን።

«አሥራ ዘጠኝ» አለ።

ደግሞ ቆጠረ። አሥራ ዘጠኝ።

ደንቡ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል ይላል፤ ጠበቅን። አንዳንዱ የዶሮ ማረጃ ፋብሪካው ለሥራ ቃለ መጠይቅ ጠርቶት ሄዷል፤ አንዳንዱ ጓዙን ጠቅልሎ ከተማውን ለቋል። ደስሊ ጃንጥላ ይዛ ወደ መጠጥ ቤቱ ሮጠች። ስትመለስ ብቻዋን ነበረች፤ ውሃ ከጫማዋ ይንጠፈጠፋል።

«ክላይቭ እዚያ ነው፤ ምን አለኝ መሰላችሁ? ‹ማኅበሩ ሞቷል፤ ለሬሳ እጅ አላወጣም› አለኝ። ቢራውን ልደፋበት ነበር፤ ቢራው አሳዘነኝ።»

ከዚያ ደስሊ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወደኔ ተጠጋች።

«ኮራል፣ ወንድምሽ እኮ በረንዳው ላይ ቆሟል።»

«ምን?»

«ከረባት አድርጓል፤ ለሠርጉና ለቫልዳ ቀብር ያደረጋትን ከረባት። ቆሞ በሩን በሩን ያያል። አስገቢውና ሃያ እንሁን።»

ልቤ ዘለለ። አፌ ግን፣ «የተሰረዘ ሰው አይቆጠርም» አለ።

«እና ሃያ ብለሽ ጻፊ! ማን ሊቆጥርሽ ነው? ሜልበርን? ሜልበርን እኛ መኖራችንንስ ያውቃል?»

«ልክ ናት» አለ አንዱ ከኋላ። «ዓርብ ወረቀቱ ቆሻሻ መጣያ ነው የሚገባው።»

መርቭ እርሳሱን ወረቀቱ ላይ አቁሞ ቀና ብሎ አየኝ። የስልሳ አምስት ዓመት ሰው ነው፤ በዕድሜው ሙሉ ያልሆነ ነገር ጽፎ አያውቅም። ዓይኑ ግን እለምንሻለሁ ይላል። «ምን ልጻፍ፣ ኮራል?»

እውነቱን ልናገር። ለሠላሳ ዓመት አስተዳደሩን ያንገዳገድኩት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያልሆነ ነገር ፈርሜ አላውቅም። የተመረጥኩት በእውነተኛ ጉባኤ ነው፣ የቀጣሁትም በእውነተኛ ጉባኤ ነው። ወንድሜን በውሸት ቃለ ጉባኤ መመለስ አስጠላኝ። ንጹሕ ይሁንለት አልኩ። ከሥሩ ደግሞ ሌላ ነገር ነበር፤ ፈራሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፊቴን አዙሬ፣ ዛሬ በሩን ከፍቼ ምን ብዬ ልጀምር? ደንቡ ለዚያች ደቂቃ ከለላ ሆነኝ።

«ያለውን ጻፍ» አልኩት። «ምልዓተ ጉባኤው አልተሟላም።»

መርቭ ጻፈ። እርሳሱ ወረቀቱን ሲጭር ዝናቡን አልፎ ይሰማል።

«አንቺ ሴት» አለችኝ ደስሊ፣ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ። አንቺ ግን ስትሻሪም አልበላሽም።»

ቀድሜ ወጣሁ። ሊንዚ በረንዳው ላይ ቆሟል፤ የከረባቱ ቋጠሮ ጠማማ ነው፤ ቫልዳ ነበረች የምታስርለት። ውሳኔው አልተሻረም። ፊቴን አዞርኩና በጎኑ አልፌ ወደ ዝናቡ ገባሁ። ልማድ ክፉ ነው፤ እግሬ ከኔ ቀድሞ ሄደ። በማግስቱ ጠዋት ቃለ ጉባኤውን እንደ ደንቡ ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩት። ስድስተኛ አጀንዳ፦ ምልዓተ ጉባኤ ባለመሟላቱ ሳይወሰን ቀርቷል።

ረቡዕ የመጨረሻውን ብርድ ልብስ ቆርጠን አወረድን። ቡኒ ነበር። ሐሙስ ማሽኖቹ ዝም አሉ። በሕይወቴ እንደዚያ ዓይነት ዝምታ ሰምቼ አላውቅም፤ ጆሮዬ እስኪጮህ ድረስ ጸጥ አለ። የኔን ማሽን፣ አሥራ አራት ቁጥርን፣ ሊንዚ ጎንበስ ብሎ እየፈታ ነበር፤ ጀርባውን ሰጥቶኛል። ጸጉሩ ከኋላ ሳስቷል። አባታችንን መሰለኝ።

ያኔ ደንቡ ገደል ይግባ አልኩ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አልኩት። እሱ ጠረጴዛ አጠገብ ቆሜ ነበር፤ አሥራ ሁለቷን እርምጃ ሄጄ ከኋላው ቆምኩ።

«ሊንዚ» አልኩ።

አልዞረም።

«ሊንዚ፣ እኔ ነኝ።»

ቁልፉን አዟዟረ፤ ብሎኑን አወጣና ሳጥን ውስጥ ጣለ። ሌላውን ጀመረ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ድምፄ እስከ ጣሪያው ደርሶ ተመልሶ ይሰማኛል። እሱ ግን ትከሻው እንኳ አልነቃነቀም። ማክሰኞ ያደረግሁበትን መለሰልኝ አልኩ፤ ይገባኛልም አልኩ። ፊቴ እየነደደ ወጣሁ።

ዓርብ የሻይ ኩባያዬን ልወስድ ሻይ ክፍሉ ገባሁ። ክፍሉ ውስጥ ጉርሚት ብቻውን ዕቃውን በካርቶን ያሽጋል። ውሳኔ የሚባለው ነገር አልቆልኛልና ሻይ ቀዳሁለት። ወተት ጨመርኩበት፤ አመስግኖ ተቀበለኝ።

«ከወንድሜ ጋር ተግባባችሁ» አልኩት። «ደግ ነው፤ እኔን ግን አኩርፎኛል። ትናንት ስጠራው እንኳ አልዞረም።»

ጉርሚት ኩባያውን አስቀመጠ። «ከኋላው ነው የጠሩት?»

«አዎ።»

«እመቤት… አያውቁም እንዴ?» አለኝ፤ ሰውየው ለኔ አፍሮ አንገቱን ደፋ። «ሊንዚ ጆሮው አይሰማም። ምንም አይሰማም። ማሽኖቹ ናቸው የወሰዱበት፤ ድፍን ስምንት ዓመት ሆነው አለኝ። ፊትዎን ካላየ የሚሉትን አያውቅም። እኛ ሥራውን ሁሉ በጠመኔ እየጻፍን ነው የጨረስነው።»

ስምንት ዓመት። ወንድሜ ደንቁሮ ስምንት ዓመት ሲኖር አሥራ ሁለት እርምጃ ላይ ነበርኩ። ማን ይንገረኝ? ከማኅበሩ የሚያናግረው ሰው የለ፤ ሚስቱ የለች። ከንፈር የሚያነብ ሰው ነው፣ ፊት ቢሰጡት ያነብ ነበር። እኛ ደግሞ በድምፅ ብልጫ ፊት ነሳነው። ክላይቭ ሲሰድበው ያልዞረው ኩራቱ አልነበረም። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ፤ ጉርሚት ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት መሐረቡን ሰጠኝ።

ወደ ሽመና ክፍሉ ገባሁ። ባዶ ነው። ማሽኖቹ የነበሩበት ቦታ ወለሉ ላይ በዘይት ተስሎ ቀርቷል። ሊንዚ አሥራ አራት ቁጥር የነበረበትን በመጥረጊያ ይጠርጋል፤ ማን ጥረግ እንዳለው አላውቅም። ዞሬ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። ጫማዬን አየ፤ ዓይኑን እንደ ልማዱ ወደ ጎን ሊያዞር ሲል ክንዱን ያዝኩት። ቀና አለ።

ድምፅ አላወጣሁም። እንደ ድሮው፣ እንደ ሸማኔ፣ ከንፈሬን ለጥጬ ነገርኩት። «ሊንዚ። ወንድሜ። አጥፍቻለሁ። ይቅር በለኝ። ና ቤት እንሂድ፣ እራት እሠራልሃለሁ።»

እየተከታተለ አነበበው። ዓይኑ እንባ አቀረረ። በስመ አብ፣ መለስኩት አልኩ በልቤ።

መጥረጊያውን ምሰሶው ላይ አስደገፈ። ከኪሱ ጠመኔ አወጣ። ማሽኑ ቢሄድም የምሰሶው ጥቁር ቆርቆሮ እዚያው ነበር። እጁ ቀስ እያለ ጻፈ፤ ጽሕፈቱ ያው የማውቀው ነው፣ እንደ ብሎን የተደረደረ።

«ምልዓተ ጉባኤው አልተሟላም። ቃለ ጉባኤውን አንብቤዋለሁ።»

እያሾፈ እንዳይሆን ብዬ ፊቱን አየሁ። አላሾፈም። የወንድሜን ፊት አውቀዋለሁ፤ ሲያሾፍ የግራ ጉንጩ ይጎደጉዳል። ጭንቅላቴን እየነቀነቅሁ «ተወው፣ ማኅበሩ ዛሬ ይፈርሳል፣ ማንም የለም» አልኩት በከንፈሬ። አነበበኝ። ከዚያ ዞሮ ከሥሩ ጨመረ።

«አንድ ጊዜ ድምፅ ሳልጠብቅ ገባሁ። ሬጅን አስባረርኩት። ሁለተኛ አልገባም።»

ጠመኔውን ምሰሶው ሥር አስቀመጠ። የምሳ ሳጥኑን አነሣ፣ ባርኔጣውን ደፋ። በጎኔ ሲያልፍ እጁ ክንዴን ነካ አድርጎ አለፈ፤ ነካ ማድረግ በውሳኔው ውስጥ የለም። ከዚያ ቀስ ብሎ በትልቁ በር ወጣ። ጮኼ ጠራሁት፤ ጮኼ መጥራቴ ምን ይፈይዳል!

አባላቱ ሠላሳ አራት ነበርን፤ ዛሬ አሥራ አንድ ቀርተናል። መርቭ ሞቷል፤ መዝገቡን ለኔ ነው የተወው፣ አልጋዬ ሥር በካርቶን አለ። ሊንዚ ከድልድዩ ማዶ ይኖራል፤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከኋላ ይቀመጣል። ስንገናኝ ባርኔጣውን ያነሣልኛል፤ ዓይኑን ግን ይጥላል። ብርድ ልብሱ ገበያ አዳራሹ ውስጥ አሁንም ይሸጣል፤ ድልድያችን ጥጉ ላይ ተጠልፎ።

ያን ዓርብ ቆርቆሮው ፊት ብዙ ቆምኩ። እርጥቡ ጨርቅ የተሰቀለበት ምስማር ላይ እንዳለ ነበር። ሥራው ተሠርቶ ካለቀ ሸማኔዋ ትጠርገዋለች፤ ልማዱ እንደዚያ ነው። ጨርቁን አንሥቼ ያዝኩት፤ ከዚያ መልሼ ሰቀልኩት።